ሳንጃ አልጠየቀችም

«ልጅቷ ሰነፍ ናት፣ በቃ። ከኅዳር ወዲህ አንድ በሽተኛ እንኳን አልመዘገበችም። ዳታቤዙ ላይ የለማ! ማሽን ምን ብሎ ይዋሻል? አሰናብታት» አሉ አያ አለበል ለሥራ አስኪያጁ በስልክ፣ ሸሚዛቸው እስኪተኮስ ትከሻቸውን በፎጣ ሸፍነው ሳሎኑ መሀል እንደቆሙ።

ሸዋገነት ይህን የሰማችው ከጓዳ ስትወጣ ነው። ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረው መብራት ንጋት ላይ በመምጣቱ የአያ አለበል ባለቤት እትዬ የትነበርሽ ተመልሶ ሳይጠፋባቸው የሳምንቱን ልብስ ሁሉ ለመተኮስ ይጣደፋሉ። «አሰናብታት» የሚለውን ሲሰሙ ካውያው እጅጌው ላይ ቆመ። ቀና ብለው ባላቸውን አዩ፤ የሚሉት ያላቸው ይመስሉ ነበር፤ ግን ጨርቁ መሽተት ሲጀምር ካውያውን አንስተው ወደ ሌላው እጅጌ ዞሩ። በዚህ ቤት እንዲህ ነው። የከበደ ነገር ሲነገር የሳህኑና የበሩ ድምፅ ይለወጣል እንጂ ሰው አይናገርም። ሸዋገነት አባቷ ከሞተ ጀምሮ እዚህ ቤት አድጋ ይህን ጠባይ እሷም ለምዳዋለች። አያ አለበል የአባቷ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ያስተማሯትም፣ እሳቸው የኮምፒውተር ኃላፊ በሆኑበት አራዳ ባለው የግል ላቦራቶሪ ያስቀጠሯትም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ «ልጅቷ ማን ናት?» ብላ አልጠየቀችም። ደግሞም ታውቃለች። መሰረት ናት፤ የሳንጃ ቅርንጫፍ የምርመራ ባለሙያ። ለሥልጠና ጎንደር የመጣች ጊዜ ከሸዋገነት ጋር አንድ ሳህን በልተዋል፤ እጇ እስኪላጥ የምትታጠብ፣ በሽተኛ ሲያቃስት አብራ የምታቃስት ልጅ ናት። ሰነፍ የሚለው ስም በምን በኩል እንደሚገጥማት ሸዋገነት ሊገባት አልቻለም።

ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሄዱ። ሹፌሩ በሀይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን በሳምንት ሁለቴ ዋጋ እንደሚጨምርበት እያማረረ ነበር። አያ አለበል «ምን ይደረግ» አሉት፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ለሸዋገነት «ሽንኩርት ማለቁን የትነበርሽ ነግራሻለች?» አሏት። «ነግረውኛል» አለች። አራዳ እስኪደርሱ ሌላ ቃል አልተነጋገሩም።

ላቦራቶሪው ያለው ጣሊያን በሠራው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው ውፍረቱ የክንድ ያህል ነው፤ ደረጃው ሥር ደግሞ አሮጌ ዕቃ የሚጣልበት ጠባብ ዕቃ ቤት አለ። የአራቱ ቅርንጫፎች የበሽተኞች መዝገብ ሁሉ የሚቀመጠው እዚሁ ግቢ፣ አንድ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ዳታቤዙ በየትኛው ማሽን ላይ እንዳለ፣ በምን ስምና በምን ፓስወርድ እንደሚገባ ግን ቅርንጫፎቹ በየራሳቸው አያውቁትም። ያንን የሚያውቅ አንድ ሌላ ማሽን አለ፤ ሠራተኞቹ «ዳይሬክተሪው» ይሉታል። የአዘዞውም ሆነ የደባርቁ ኮምፒውተር ጠዋት ሲከፈት አስቀድሞ ዳይሬክተሪውን ይጠይቃል፤ እሱም ዳታቤዙ ያለበትን ነግሮ ይመራዋል። አያ አለበል ይህን ማስረዳት ደስ ይላቸዋል። «ሰው ቤት ሲቀይር ዘመዱን ሁሉ እየዞረ አይነግርም፤ ሁሉም ለሚጠይቁት ለአንዱ ይነግራል» ይላሉ። በኅዳር ዳታቤዙን ከአሮጌው ማሽን ወደ አዲሱ ሲያዛውሩም የለወጡት ዳይሬክተሪው ላይ ያለችውን አንዲት አድራሻ ብቻ ነበር፤ በማግሥቱ ሁሉም ቅርንጫፍ ወደ አዲሱ ሄደ ተባለ፤ ተጨበጨበላቸው። ዳይሬክተሪውን ሳይጠይቅ አድራሻውን ኮምፒውተሩ ላይ በእጁ የሚጽፍ ሠራተኛ ሲያገኙ ግን አይምሩም። የደባርቁን ሠራተኛ በዚህ ጉዳይ ሰው ፊት አስለቅሰውታል።

በሩን ገብተው ሲያልፉ መሰረትን ከሥራ አስኪያጁ ክፍል ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አገኟት። የሳንጃ አቧራ ከጫማዋ አልረገፈም፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች። አያ አለበል አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላምታ ሰጧትና በአጠገቧ አልፈው ገቡ። ሸዋገነት ጉንጯን ስትስማት ፊቷ እሳት ሆኖ አገኘችው።

«ምን አጠፋሁ?» አለች መሰረት በሹክሹክታ። «አልሠራሽም ይሉኛል። እኔ እኮ ሰው ተሰልፎብኝ ምሳ ሳልበላ የምውል ነኝ! ውጤቱን አስገባለሁ፣ የጎንደሩ ዶክተር ካላጸደቀው ለበሽተኛ መንገር ክልክል ነው፣ ጎንደር ግን ዝም ነው። ለአያ አለበል ደውዬ ነበር። ‹ኔትወርኩ ነው፣ ታገሺ› አሉኝ። ታገስሁ።»

ሸዋገነት በጠዋት የሰማችውን እንዳትነግራት ምላሷን ያዝ አደረገችና ወደ ውጤት መስጫ መስኮቷ ሄደች።

መስኮቷ ፊት አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ራሳቸውን ተላጭተዋል፤ ጋቢያቸው የደጋ ሰው ጋቢ ነው፣ ወፍራምና በጭስ የወየበ። ዳኛው እባላለሁ፣ ከጃናሞራ ነው የመጣሁ፣ መካነ ብርሃን አጠገብ ነው አገሬ አሉ። «ልጄ ሰውአገኝ ይባላል። ሰሊጥ ሊያጭድ ታች አርማጭሆ ወርዶ ታሞ ሲመለስ ሳንጃ ላይ ደም ሰጥቷል። ወረቀቱን ስጪኝ።»

ፈለገች። ሰውአገኝ ዳኛው የሚባል ሰው ኮምፒውተሩ አያውቅም። ደግማ ፈለገች፣ የአባቱን ስም አስቀድማም ፈለገች።

«አልተመዘገበም አያ። ልጅዎ አብሮዎት አልመጣም?»

«አልመጣም።»

«በርትቷል ታዲያ?»

ሽማግሌው በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ወረቀቱን ስጪኝ ልጄ። ሰጥቻለሁ ብሎኛል፤ ልጄ ውሸት አያውቅም» አሉ። ከመስኮቱ ፈቀቅ ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና በትራቸውን ጉልበታቸው መሀል አቆሙ። የሚሄዱ ሰው አይመስሉም ነበር።

ስሙን የሰማችው መሰረት ብድግ ብላ መጣች። «አውቀዋለሁ» አለች ለሸዋገነት በጆሮዋ። «ጓደኛው ደግፎት ነው የመጣ። ሆዱ ተነፍቷል፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ካላዛር ነው፣ የቆላው በሽታ። በዚህ እጄ ነው ያስገባሁት። ከፈለግሽ በማርያም እምልልሻለሁ።»

ሸዋገነት መሐላ አልፈለገችም። ያን ልጅ የመሰለ ሰው አይቶ ስሙን የሚያስታውስ ሥራ ፈት የለም። መዝገቡ አለ፤ እሷ በምትፈልግበት ቦታ ግን የለም። ወደ ራሷ ጠረጴዛ ተመልሳ ከፍታው የማታውቀውን ነገር ከፈተች፤ ዛሬ ጠዋት ዳይሬክተሪውን ማን ማን እንደጠየቀው። አራዳ ጠይቋል። አዘዞ ጠይቋል። ደባርቅ ዘግይቶ ጠይቋል። ሳንጃ የለችም። ትናንትንም አየች፤ የለችም። ታኅሣሥንም ኅዳርንም አየች። ሳንጃ ከጥቅምት ወዲህ «ዳታቤዙ የት ነው?» ብላ ጠይቃ አታውቅም። ኮምፒውተሩ ግን እየሠራ ነበር ትላለች መሰረት። ሳይጠይቅ ወዴት ይሄድ ነበር?

«ማሽንሽን የነካው ሰው አለ?» አለቻት።

«ማን ይነካዋል? አያ አለበል በጥቅምት መጥተው ያስተካከሉልኝ ናቸው የመጨረሻው። መስመሩ ደካማ ነበር፤ ፕሮግራሙ ሲጠይቅ፣ ሲጠብቅ ይውላል። ሰው ተሰልፏል፣ ሙቀቱ አይጣል ነው፣ የሳቸውም አውቶቡስ ሊሄድ ጥሩንባ ይነፋል። አንድ ነገር ጻፉበትና ‹በይ አሁን አይጠይቅም› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ ልቡ ነው።»

በጥቅምት የተጻፈ አድራሻ የአሮጌው ማሽን ነው ማለት ነው አለች ሸዋገነት በልቧ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከሚስማሩ አንስታ ደረጃው ሥር ገባች። ከተሰበሩ ወንበሮችና ከባዶ ካርቶኖች ኋላ አሮጌው ማሽን አለ። «ለማንኛውም እስከ ገና ይቆይ» ብለው አያ አለበል ሳያጠፉት የተዉት፣ ከዚያ ሁሉም የረሳው ማሽን ነው። አረንጓዴ መብራቱ በርቷል። ስክሪን አምጥታ ሰካችበት። ከኅዳር ወዲህ የሳንጃ ሰው ሁሉ እዚያ ነበር። ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ ውጤት፤ ወባ፣ ታይፎይድ፣ ወባ፣ ካላዛር። ማንም ሳያያቸው፣ ማንም ሳይደውልላቸው ጨለማ ውስጥ ተደርድረዋል። መሰረት ሠርታ ነበር። ሸዋገነት እያየች እንባዋ መጣ፤ በደስታ ይሁን በፍርሃት አልለየችውም። ሰውአገኝ ዳኛው፣ ታኅሣሥ 8፣ ካላዛር አለበት ይላል።

ዞር ስትል አያ አለበል በሩ ላይ ቆመዋል።

ስክሪኑን ለማንበብ መነጽራቸውን አላወጡም። አረንጓዴዋን መብራት ሲያዩ ገባቸው። ቀስ ብለው ካርቶን ላይ ተቀመጡ፤ ካርቶኑ ባዶ ኖሮ ከሥራቸው ተጨማደደ። ሸዋገነት በሕይወቷ እንዲህ ከብደው ሲቀመጡ አይታቸው አታውቅም።

«ለአንድ ቀን ብዬ ነበር» አሉ። «ሰዉ ሲጉላላ ጊዜ።»

«አውቃለሁ አያ።»

«ወደ አዲሱ አዛውሪያቸው። ቀኑን የዛሬ አድርጊው። በሽተኞቹ ይጠሩ፣ ይታከሙ። ዋናው እሱ ነው።»

«መሰረትስ?»

«ዘግይታ አስገባች ይባላል።»

«አልዘገየችም እኮ።»

አያ አለበል የተጨማደደውን ካርቶን ጠርዝ በጣታቸው ያቃኑ ጀመር። «ልጅ ናት። ሌላ ሥራ አታጣም። የእኔ ጡረታ ለሰኔ ነው» አሉ። ያሳደግሁሽ አላሉም፤ ያን ቢሉ ይሻላት ነበር፣ ትመልስላቸው ነበር። ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉና ወደ አብዮት፣ ወደ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ሄዱ። መሰረትም ተጠርታ ከኋላቸው ገባች።

ሸዋገነት እምቢ ማለት አቃታት። ለራሷ ምክንያት አላጣችም፤ የታመመ ሰው ይቀድማል አለች፣ የመሰረት ነገር በኋላ ይታያል አለች። የሰውአገኝን ውጤት ወደ አዲሱ አዛወረች፣ ቀኑን የካቲት 6 አደረገችው፣ ዶክተሩ አይቶ አጸደቀው፣ ወረቀቱ ከማተሚያው ወጣ። ይዛው አግዳሚው ዘንድ ሄዳ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠች።

«አያ ዳኛው፣ ተገኝቷል። ልጅዎ ካላዛር ነው ያለበት። ግን አይደንግጡ፣ መድኃኒት አለው። እዚሁ ሆስፒታል ያክሙታል። ቶሎ ያምጡት ብቻ።»

አያ ዳኛው ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አቀኑት። ዳዊት የደገሙ ሰው ናቸውና ማንበብ አላቃታቸውም። ጣታቸው ከላይ ወደ ታች እየወረደ ስሙን አለፈ፣ በሽታውን አለፈ፣ ቀኑ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይኸ ቀን የምንድን ነው?»

«ምርመራው የተደረገበት ነው።»

«ልጄ እኮ በጥምቀት ማግሥት ነው የተቀበረ» አሉ። «የሞተ ሰው ደም ይሰጣል ወይ?»

የተላጨው ራሳቸው የሐዘን መሆኑ ለሸዋገነት አሁን ገባት።

«ለእሱማ ምን ያደርግለታል ወረቀት» ሲሉ ቀጠሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ሆዱ ተነፍቶ ነው የሞተ። አብሮት ቆላ የወረደ ወንዴ የሚባል የጎረቤቴ ልጅ አለ፤ ደግፎ ያመጣልኝም እሱ። ወንድሞቼ ‹ወንዴ ነው መርዝ ያቀመሰው› ብለው ያዙ። ልጁ ቤቱን ጥሎ ገደል ለገደል ነው የሚያድር። አርባው ሲወጣ ደሙን እንመልሳለን ብለዋል፤ የሚያደርጉ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ልጄ ነግሮኛል። ሳንጃ ደም ሰጥቻለሁ፣ ከጎንደር ይደውሉልኛል ብሎ ስልኩን ከራስጌው ሳያርቅ ነው የሞተ። ያንን ወረቀት ይዤላቸው ልሄድ ነበር። ይኸን ባሳያቸው ዛሬ ገዝቶት መጣ ነው የሚሉኝ። ምነው ልጄ? ምነው እንዲህ አደረጋችሁኝ?»

ወረቀቱን መልሰው ጭኗ ላይ አኖሩላት።

ያን ጊዜ ነው ሸዋገነት የቆረጠችው። ስልኩን ራስጌው አድርጎ የተኛው ልጅ ዓይኗ ላይ ድቅን ብሎ አልሄድ አላት። ደረጃው ሥር ተመልሳ ከአሮጌው ማሽን ላይ እውነተኛውን መዝገብ ከነቀኑ አወጣች፤ ዶክተሩ ፈረመበት። የቀረው፣ ወንድሞቻቸው እንዲያምኑት፣ ማኅተም ነው። ማኅተሙ ደግሞ ያለው አብዮት ጠረጴዛ ላይ ነው።

ስትገባ መሰረት እስክሪብቶ ይዛ የስንብት ደብዳቤ ላይ አጎንብሳለች። አያ አለበል በመስኮቱ ወደ ውጭ ይመለከታሉ። አብዮት ለመሰረት ስለ ሥራ ዲሲፕሊን የጀመረውን ንግግር በእሷ መግባት ማቋረጡ ደስ አላለውም። ወረቀቱን አቀረበችለት።

«ማኅተም ያስፈልገዋል። ሰውየው ውጭ እየጠበቁ ነው።»

አብዮት አነበበው። «ታኅሣሥ? የሳንጃ ነው እንዴ? የት ነበር ይሄ?»

ሸዋገነት አያ አለበልን አየቻቸው። እሳቸው ይናገሩት ብላ ጠበቀች፤ ከልቧ ጠበቀች። ከመስኮቱ ፊታቸውን አላዞሩም።

«ደረጃው ሥር ነበር» አለች። «አሮጌው ማሽን አልጠፋም። የሳንጃ ሁሉ እዚያ ነው፣ ከኅዳር ጀምሮ። መሰረት አንድም ቀን አላጓደለችም። የሳንጃ ኮምፒውተር ዳይሬክተሪውን እንዳይጠይቅ አድራሻውን በእጃቸው የጻፉበት አያ አለበል ናቸው። ዛሬ ቀኑን ቀይሬ የውሸት ወረቀት ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ።»

መሰረት እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። አብዮት አንዴ አያ አለበልን፣ አንዴ ወረቀቱን ያያል። «እውነት ነው?» አላቸው። ዓይናቸውን ከመስኮቱ ወደ ወለሉ አወረዱ። አብዮት ማኅተሙን አነሣ፣ መታ፤ የመሰረትን ደብዳቤ ግን አልቀደደውም፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

አያ ዳኛው አዲሱን ወረቀት ተቀብለው እንደ ፊተኛው በጣታቸው ከላይ ወደ ታች ወረዱ። ቀኑ ላይ ደረሱ።

«ታኅሣሥ ስምንት» አሉ። «ሸጋ። ወንዴ ይተርፋል።» ከዚያ ጣታቸው ከቀኑ ላይ አልነሣ አለ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። «ታኅሣሥ ስምንት... ያኔ እኮ በእግሩ ይሄድ ነበር። እህል ይቀምስ ነበር። በገና ዕለት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሟል።» ቀና አሉ። «መድኃኒት አለው አላልሽኝም ልጄ? ይኸ ወረቀት እስከ ዛሬ የት ከረመ?»

ሸዋገነት አፏን ከፈተች። መልሱ የመጣው ግን ከኋላዋ ነው።

«እኔ ጋ ነው የከረመ» አሉ አያ አለበል። ከሥራ አስኪያጁ ክፍል መቼ እንደወጡ አላየችም። «ይቺ ልጅ አይደለችም። ያቺም የሳንጃዋ ልጅ አይደለችም። እኔ ነኝ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። በዕድሜ ይቀራረባሉ። ሸዋገነት በትሩ ይነሣል ብላ ፈራች። አያ ዳኛው ግን ወረቀቱን በአራት አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱትና ጋቢያቸውን አጣፉ።

«እኔ ብነግራቸው ላያምኑኝ ይችላሉ፤ ለወንዴ ያዘንሁ ይመስላቸዋል» አሉ። «የአርባው ቀን ና። አንተ በአፍህ ንገራቸው። የት እንደከረመ፣ ማን ጋ እንደከረመ። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን እኔ አላውቅም።»

«እመጣለሁ» አሉ አያ አለበል።

ከሰዓቱን ሸዋገነትና መሰረት ጎን ለጎን ተቀምጠው ከአሮጌው ማሽን ላይ ስልኮቹን እያነበቡ ሲደውሉ ዋሉ። አንዳንዱ አነሣ፤ አንዳንዱ አገር ቀይሯል፤ አንዳንዱ ዝም ብሎ ይጠራል። ዝም ብሎ በጠራ ቁጥር መሰረት እስኪቋረጥ ድረስ አትዘጋውም ነበር።

ማታ እራት ላይ ሦስቱም አልተነጋገሩም። እትዬ የትነበርሽ ከባላቸው ፊት የሆነውን ሳያነቡ አልቀሩም፤ የጠዋቱ ሸሚዝ ካርቶኑ ላይ ሲቀመጡ ቆሽሿል፤ ምን ነካው አላሉም። ወጡ ሽንኩርት የለበትም፤ ሸዋገነት መግዛት ረስታለች። እሱንም ማንም አላነሣውም። አያ አለበል እጃቸውን ታጥበው ሲጨርሱ ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«ያ ወፍራሙ ጋቢ የት ነው? ጃናሞራ ለቅሶ አለብኝ።»

እትዬ የትነበርሽ የማን ለቅሶ ነው አላሉም። ተነሥተው ሣጥኑን ከፈቱ፤ ጋቢውን አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ክዳኑን ሳይዘጉ ቆይተው ወደ ሸዋገነት አዩ። ሸዋገነት ጎንበስ ብላ የሳህኖቹን ፍርፋሪ ወደ አንድ ትሰበስብ ነበር።

«ሁለት ያድርጉት እትዬ፣ አንዱ ለእኔ» አለች።